ኢንተርኩለርን ጥቁር መቀባት፦ ያፍነዋል፣ ያቀዘቅዘዋል ወይስ ምንም አያመጣም?

ዋናው ፖስት

ሰላም ለሁላችሁ። ከፋብሪካ የመጣውን ትንሽ ኢንተርኩለር (ቱርቦው አምቆ ያሞቀውን አየር ወደ ኢንጅኑ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘውን) አውጥቼ ፊት ለፊት የሚታሰር ትልቅ አስገብቻለሁ፣ በስራው ቅር የሚለኝ ነገር የለም፣ ያልወደድኩት መልኩን ነው። ባምፐሩ ስር ባለው ክፍተት ውስጥ ራቁቱን አልሙኒየም ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ከሩቅ ያየው ሁሉ ይሄ መኪና ተነካክቷል ይላል፣ እኔ ደሞ የምፈልገው ማንም ዞር ብሎ እንዳያየው ነው። ስለዚ ጥቁር ላለብሰው አስቤያለሁ። የኔ ግምት ስስ ጥቁር ቀለም ማቀዝቀዙን በሚታወቅ ደረጃ አይጎዳውም፣ አይጠቅመውምም፣ ጉዳት የሚመጣው ቀለሙ ሲወፍርና ፊኖቹን (አየር በመሃላቸው የሚያልፍባቸውን ስስ የብረት ክንፎች) ሲደፍን ነው የሚል ነው። የምጠይቀው የቆርቆሮ ስፕሬይ ይሻላል፣ ፓውደር ኮቲንግ (በምድጃ የሚጋገር የዱቄት ቀለም) ወይስ አኖዳይዝ (የአልሙኒየሙን ገጽ ራሱን ወደ ኦክሳይድ መቀየር)? ሰምቻለሁ የሚል ሳይሆን ሰርቶ ያየ ወይም ምክንያቱን የሚያውቅ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ ሌላውም ቢመልስ ግን አልከፋም።

(ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ትረካ ነው። ክሩ ረዝሞ ረዝሞ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ከላይ የተመለሰውን እየደገመ ሲጠይቅ በራሴ አነጋገር በየቁጥሩ አስቀመጥኩት፣ የራሴንም አስተያየት ጣል ጣል አድርጌበታለሁ።)

መልስ 1። በሰላምታ የጀመረ ጨዋ ሰው ነው። የራሱን በተራ ማት (የማያብለጨልጭ) ጥቁር ስፕሬይ ቀብቶት እስከዛሬ እየነዳው እንደሆነ፣ በጉልበቱ ላይ ምንም ለውጥ እንዳላየ፣ ብቻ ከፊት ካለ መኪና የሚፈናጠር ጠጠር ቀለሙን እየነቀለ ነጫጭ ነጠብጣብ እንደሚያወጣበት ጻፈ። ለዛ ሲል የተረፈውን ቆርቆሮ እንዳይጥለው መከረኝ። አጭርና ጠቃሚ፣ ክሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ሁላችንም በጊዜ እንተኛ ነበር።

መልስ 2። ይሄኛው በፍጹም አትንካው ባይ ነው። ቀለም ማለት በብረቱ ላይ የተደረበ ብርድ ልብስ ነው፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሞቃት አየር ወደ ኢንጅኑ ይገባል፣ ከዛ ማንኳኳት (ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አግባቡ መፈንዳት) ይመጣል፣ ከዛ ፒስተን ይበሳል እያለ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ ሄዷል። ያነበበው ሰው በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ኢንጅን የሚፈርስ ይመስለዋል። መነሻው ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳልሆነ በኋላ ታያላችሁ።

መልስ 3። የቁጥር 2 ግልባጭ። ጥቁር ነገር ሙቀትን በጨረር በደንብ ስለሚለቅ ኢንተርኩለሩ ከነበረው የበለጠ ይቀዘቅዛል፣ ለማስረጃ ደሞ ራዲያተር ጥቁር ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ጥቁር ነው ይላል። ብዙ ላይክ አገኘ። እንዲህ አይነት መልስ ሁሌም ላይክ ያገኛል፣ ሰው ማድረግ የፈለገውን ነገር አድርግ የሚለውን ይወዳላ።

መልስ 4። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁለት ጥሩ መልሶች አንዱ ይሄ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። ሰውየው ቁጥር 3ን በትህትና ጀምሮ በቁጥር አፈረጠው። ኢንተርኩለር ሙቀቱን የሚያስረክበው በመሃሉ ለሚነፍሰው አየር ነው፣ በጨረር የሚወጣው ኢምንት ነው አለ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከቱርቦው በሴኮንድ 0.2 ኪሎ አየር ይመጣል፣ 120 ዲግሪ ሆኖ ገብቶ 50 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል እንበል፣ ይሄ ማለት ኢንተርኩለሩ 14 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ይጥላል ማለት ነው። አሁን ደሞ ፊቱ 60 በ30 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ጀርባውን ጨምረን 0.36 ካሬ ሜትር፣ ገጹ 60 ዲግሪ አካባቢው 20 ዲግሪ ቢሆን ጥቁር የተቀባው በጨረር የሚለቀው 90 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ከ14 ኪሎዋት ላይ 90 ዋት አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። በውስጥ ያሉት ፊኖች ስፋታቸው ብዙ አይደለም ወይ ለሚል ሰው ደሞ ቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል፣ እነሱ እርስ በርስ ስለሚተያዩ የሚለዋወጡት ጨረር እዛው ይቀራል፣ ወደ ውጪ የሚያየው ፊቱ ብቻ ነው። ጀርባው ደሞ የሚያየው ከሱ የበለጠ የሚሞቀውን ራዲያተር ወይም የኤሲውን ኮንደንሰር ስለሆነ እንደውም በዛ በኩል ሙቀት ተቀባይ ሊሆን ይችላል።

እዛው ላይ ሌላም ነገር ጨመረ፣ ይሄን አብዛኛው ሰው አያውቀውም መሰለኝ። በዚህ የሙቀት ደረጃ የሚወጣው ጨረር አይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፣ በኢንፍራሬድ ደሞ ነጭ ቀለምም ጥቁር ቀለምም እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል፣ ጨረር የመልቀቅ አቅማቸው ከ1 ሲለካ ሁለቱም 0.9 አካባቢ ናቸው፣ ዝቅተኛው የተወለወለ ራቁት አልሙኒየም ነው። ስለዚ ጥቁርነቱ የሚለየው ፀሀይ ላይ ቆሞ ሲውል ብቻ ነው፣ ያኔ ከነጩ የበለጠ ይሞቃል፣ መኪናው ተንቀሳቅሶ አየር ሲያገኝ ደሞ ያ ይጠፋል። ሂትሲንኩን በተመለከተ፣ ማራገቢያ የሌለው ሂትሲንክ ላይ ጨረር ትልቅ ድርሻ ስላለው ጥቁሩ ይጠቅማል፣ ማራገቢያ ከተገጠመለት ግን ጥቅሙ ይሟሟል። ራዲያተር ጥቁር የሚቀባው ደሞ እንዳይበላሽና በግሪሉ ቀዳዳ እንዳይታይ ነው፣ ዛሬ ብዙ የአልሙኒየም ራዲያተር ሳይቀባ ነው የሚመጣው።

መልስ 5። እሷ ደሞ ቁጥር 2ን ያዘችው። የቀለም ሙቀት አስተላላፊነት 0.2 አካባቢ፣ የአልሙኒየም ደሞ እንደ አይነቱ ከ150 እስከ 230 ስለሆነ ቀለም መጥፎ አስተላላፊ ነው የሚለው ልክ ነው አለች፣ የተረሳው ውፍረቱ ነው። 25 ማይክሮን የሆነ ስስ ቀለም የሚጨምረው መከላከያ፣ ከብረቱ ወደ አየሩ ለመሻገር ራሱ አየሩ ከሚፈጥረው መከላከያ ጋር ሲነጻጸር አንድ በመቶ ገደማ ነው፣ እሱም ኮሩ (ፊኖቹ ያሉበት መሃሉ) ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ጥልቀቱ በሙሉ ቢቀባ ነው፣ በስፕሬይ የሚቀባው ደሞ የፊቱ ትንሽ ጥልቀት ብቻ ነው። ስለዚ ብርድ ልብስ ሳይሆን ቢበዛ ስስ ካልሲ ነው ብላ ቀልዳ ዘጋችው። ቁጥር 2 ግን አልሳቀም።

መልስ 6። የቁጥር 2 መመለስ ነው፣ ይሄኛው ሞቅ ያለ ነበር። እናንተ በወረቀት ላይ ትሰላላችሁ እኔ ያየሁትን ነው የማወራው አይነት ነገር። ምን እንዳየ ግን አልተናገረም።

መልስ 7። ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው ይሄኛው ነው። ኢንተርኩለሩን ፓውደር ኮቲንግ የሚሰራ ቤት ወስዶ ሰጠ፣ ሲመለስለት ከፊት ሲያዩት የሚያምር፣ በብርሃን ገልጦ ሲያየው ግን ግማሹ ፊን የተደፈነ ሆኖ አገኘው። ብዙ ማቀዝቀዣ ላይ ፊኖቹ ለጥ ያሉ አይደሉም፣ ሉቨር የሚባሉ ትንንሽ ስንጥቆች አሏቸው፣ የነሱ ስራ አየሩ በገጹ ላይ ተለጥፎ እንዳይሄድ እየቆራረጡ ማወክ ነው። ዱቄቱ ቀልጦ እነዛ ላይ ሲረጋ ይዘጋቸዋል፣ አየሩም ማለፊያ ያጣል። ዳገት ላይ የሚገባው አየር ሙቀት ከድሮው በግልጽ ከፍ ማለቱን በሎግ (ሴንሰሩ በመዘገበው) አይቶ አወጣው። ለማስለቀቅ ሞክሮ ፊኖቹን አጣመመና በመጨረሻ ሌላ ገዛ። የቤቱን ስም እንዲጠራ ስንት ሰው ጠየቀው፣ አልጠራም፣ ጥሩ አደረገ።

መልስ 8። ለምን እንደዛ እንደሚሆን በአጭሩ። በፓውደር ኮቲንግ ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ነው ብረቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ጠባብና ጥልቅ ቦታ ውስጥ ግን የፋራዴይ ኬጅ ውጤት የሚባለው (የኤሌክትሪኩ ስበት ወደ ጠባብ ጉድጓድ አለመዝለቁ) ስላለ አይገባም፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይከመራል። ውፍረቱ ደሞ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ነው፣ ፊን ላይ ያ ብዙ ነው። ከዛም ምድጃ ውስጥ 180 ወይም 200 ዲግሪ ይጋገራል። ሙሉ አልሙኒየም የሆነ ኢንተርኩለር ይሄን ይችላል፣ ኮሩ የተበየደው 600 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አይፈታም። ከፋብሪካ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ታንክ ፕላስቲክ ነው፣ በጎማ ጋስኬት ተጨፍልቆ ነው የተያያዘው፣ እሱን ምድጃ ውስጥ ማስገባት ማበላሸት ነው። የሱ ምክር ፓውደር ከፈለጋችሁ ታንኮቹን ብቻ፣ ኮሩን ሸፍናችሁ የሚል ነው።

መልስ 9። ጥቁር ሆኖ የተሰራ ይሸጣል ግዙና ተገላገሉ። በቃ ይሄው ነው።

መልስ 10። ለቁጥር 9 የተሰጠ፣ ኮምጨጭ ያለ። ያለውን አውጥቶ ሌላ መግዛት መልስ አይደለም፣ ደሞስ ያ የሚሸጠው ጥቁር በምንድነው የተቀባው፣ ውፍረቱስ ስንት ነው፣ ጥያቄው እዛም ተከትሎህ ይሄዳል አለው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥሩ አምራች ስስ አድርጎ ይቀባዋል፣ ሌላው እንደመጣለት ያለብሰዋል፣ ከፎቶ ደሞ አይለይም።

መልስ 11። አኖዳይዝን ያነሳ ብቸኛ ሰው። አኖዳይዝ ቀለም ሳይሆን የራሱ የአልሙኒየሙ ኦክሳይድ ስለሆነ ስስ ነው፣ አይላጥም፣ በሀሳብ ደረጃ ምርጡ እሱ ነው። ለተሰራ ኢንተርኩለር ግን አልመክርም አለ፣ ምክንያቱም እቃው ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይነከራል፣ በመጋጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ የገባው አሲድ ደሞ ታጥቦ አያልቅም፣ ቆይቶ ይበላዋል። በዛ ላይ ለመበየጃ የሚውለው አልሙኒየም ሲሊከኑ ብዙ ስለሆነ በአኖዳይዝ ጊዜ ግራጫ ይሆናል፣ ከሌላው ጋር አንድ አይነት መልክ አይወጣለትም። የጥቁሩ ማቅለሚያም ፀሀይ ሲመታው ይደበዝዛል። ስለዚ አኖዳይዝ ከዝርዝሬ ወጣ፣ ማንም አልተከራከረም፣ በዚህ ክር ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ የታለፈ ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

መልስ 12። አንድ ልጅ አፍሮ አፍሮ ጠየቀ፣ ኢንተርኩለር እና ራዲያተር ልዩነታቸው ምንድነው፣ ውሀ የሚገባበትስ በየት ነው?

መልስ 13። ይሄን ሳታውቅ እዚህ ምን ትሰራለህ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ተጻፈለት። አልደግመውም።

መልስ 14። ቁጥር 5 ናት የመጣችው፣ መጀመሪያ ቁጥር 13ን ገሰጸችው፣ ከዛ ለልጁ በትግስት አስረዳችው። ቱርቦ አየሩን ሲያምቀው አየሩ ይሞቃል፣ ከ100 ዲግሪ በላይ መሄድ ብርቅ አይደለም፣ የሞቀ አየር ደሞ ሳሳ ያለ ነው፣ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ለማንኳኳትም ይጋለጣል። ኢንተርኩለር ያንን አየር መልሶ የሚያቀዘቅዘው ነው። በውስጡ የሚያልፈው የታመቀው አየር፣ በውጪ የሚነካው ደሞ መኪናው ሲሄድ የሚነፍሰው ንፋስ ነው፣ ውሀ የለውም። በውሀ የሚቀዘቅዝ አይነትም እንዳለ፣ እዚህ የምናወራው ግን ስለሱ እንዳልሆነ ጨመረችለት። ልጁ አመስግኖ ሄደ፣ ቆይቶ ግን መመለሱ አልቀረም።

መልስ 15። ሁለተኛው ጥሩ መልስ። ጻፊው እድሜያቸው ገፋ ያለ መካኒክ ናቸው፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የጠራቸው፣ እኔም እንደዛው። ጋሼ ስለ ጨረሩም ስለ ማይክሮኑም አንድ ቃል አልተናገሩም፣ አሰራሩን ብቻ ነው ያወሩት። ከመኪናው ላይ ሳይወርድ መቀባት የሚባል ነገር የለም፣ ቀለሙ ኮንደንሰሩም ራዲያተሩም ላይ ይሄዳል። ከወረደ በኋላ ከሁሉ በፊት መግቢያና መውጫው አፍ በደንብ ይዘጋ። ከዛ ከውጪ ይታጠብ፣ ቅባት በሚያነሳ ሳሙና፣ በለሰለሰ የውሀ ግፊት፣ ሀይለኛ የግፊት ውሀ ፊኑን ያስተኛዋል። ምድጃ ማጽጃ ወይም ሌላ ኮስቲክ ያለበት ነገር አልሙኒየም ስለሚበላ እንዳይጠጋው። አሸዋ በግፊት መርጨት ደሞ ጭራሽ። የተጣመመ ፊን ካለ አሁኑኑ በፊን ማበጠሪያ ይቃና፣ ቀለም ከደረቀበት በኋላ ሲቃና ይላጣል። ታንኮቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አሻሽቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በቲነር በራሰ ጨርቅ መጥረግ። ታንኩ ላይ ለአልሙኒየም የሚሆን ኤች ፕራይመር (ብረቱን ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ከቀለም በፊት የሚቀባ) መቀባት፣ ኮሩ ላይ ግን ፕራይመር አያስፈልግም፣ ውፍረት ከመጨመር በቀር።

አቀባቡ ላይ ሲደርሱ በጣም ዘርዝረውታል። ቆርቆሮውን 25 ወይም 30 ሳንቲሜትር አርቆ ይዞ ጭጋግ በሚያክል ስስ ርጭት ማለፍ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ መርጨት ሳይሆን ከጎን አዘንብሎ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች። አዘንብሎ ሲረጭ ቀለሙ የሚይዘው ከውጪ የሚታየውን የፊኑን ጠርዝ ብቻ ነው፣ ጥልቁ ብረት እንደራቁቱ ይቀራል፣ አይን ደሞ ከጠርዙ አልፎ አያይም። በመጀመሪያው ዙር ጥቁር ካልሆነ ብሎ መደገም የለም፣ ግራጫ ይምሰል፣ ሁለተኛው ይጨርሰዋል። ርጥቡ እያለ ከጀርባ በኩል በቀስታ ኮምፕሬሰር ንፋስ መስጠት፣ የተዘጋ ካለ ይከፈታል። ጀርባውን ማን ያየዋል፣ አይቀባ። እኔ ይሄን ሳነብ የቀረው ክርክር ሁሉ ትርፍ መሰለኝ።

መልስ 16። ጋሼን የደገፈ፣ አፉን ስለመዝጋት ያሉትን ያጠናከረ። የአየር ማጣሪያው ያለው ከቱርቦው በፊት ነው፣ ከኢንተርኩለር በኋላ ምንም ማጣሪያ የለም። ስለዚ ውስጡ የገባ አሸዋ፣ የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ፣ የደረቀ ቀለም ቅርፊት ሁሉ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነው የሚሄደው። ጨርቅ ወትፎ መርሳትም እንዳለ ጨመረ፣ ስለዚ ወደ ውስጥ በማይገባ ትልቅ ክዳን ወይም በፕላስቲክና በቴፕ ከውጪ መጠቅለሉ ይሻላል። ሰው ስለ አንድ በመቶ ሙቀት ሲጨቃጨቅ ውሎ ይሄን ይረሳል፣ ትልቁ አደጋ ግን እዚህ ጋ ነው ያለው።

መልስ 17። እዚህ ጋ ክሩ ተበላሸ። አንዱ መጥቶ ኮሩ ያለ ፕራይመር ቀለም አይዝም፣ ይሄን የማያውቅ ሰው መካኒክ ነኝ አይበል ብሎ ጋሼን አንተ እያለ ሞገታቸው። ነገሩ ራሱ ሊነሳ የሚገባ ነበር፣ ራቁት አልሙኒየም ቀለም ቶሎ እንደሚለቅ እውነት ነው። አነጋገሩ ግን ነገሩን ገደለው።

መልስ 18። ጋሼ አልተቆጡም። ኮሩ ላይ የተቀባው ቢለቅ በስፕሬይ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ማደሻ ነው፣ ፕራይመር ጨምሮ የተደፈነ ሉቨር ግን ማደሻ የለውም፣ እኔ የምመርጠው የሚታደሰውን ነው ብለው አበቁ። ሚዛኑን በዚህ መልኩ ማስቀመጣቸውን ወድጄዋለሁ።

መልስ 19 እና 20። ቁጥር 17 ላይ የወረዱ ናቸው። አንዱ ይቅርታ ጠይቅ ባይ፣ ሌላው ከዛም የባሰ።

መልስ 21። አወያዩ ገብቶ ስድብ ያለባቸውን ሁለት መልሶች አጠፋ፣ ከእንግዲህ የሚሳደብ ይወጣል አለ። የቁጥሩ ቅደም ተከተል የተፋለሰው ለዛ ነው፣ ሰዎች ከዚህ በታች ቁጥር እየጠሩ ሲመልሱ አንዳንዴ የተሳሳተ ሰው ላይ ያርፋል።

መልስ 22። አንድ ሰው በኩራት መጣ። ከመቀባቱ በፊትና በኋላ በኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒውተር በሚነበብበት ሶኬት) በኩል የአየር ሙቀቱን መዝግቤያለሁ፣ በነጥብ እንኳን አይለያይም፣ ክርክሩ ተዘጋ አለ። ቁጥር 3 እንኳን ወዲያው ላይክ አደረገው።

መልስ 23። ቁጥር 4 ተመልሶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፣ የትኛው ሴንሰር ነው? ብዙ መኪና ላይ በኦቢዲ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ሙቀት ከማፍ ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር መጠን ከሚለካው) ጋር አብሮ ያለው ነው፣ እሱ ደሞ ያለው ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ፣ ከቱርቦው በፊት ነው። እሱን ማየት የውጪውን የአየር ሁኔታ ማየት ነው፣ ኢንተርኩለሩን አውጥተህ ብትጥለውም ያው ቁጥር ነው። መነበብ ያለበት ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ስሮትሉ ወይም ማኒፎልዱ ጋ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ ሊገባ ሲል) ያለው ነው፣ እሱም በተመሳሳይ የውጪ ሙቀት፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ማርሽና ቡስት (የቱርቦ ግፊት) ተነድቶ። ቁጥር 22 ሁለተኛ ሴንሰር እንዳለው አጣርቼ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ይሄው እየጠበቅነው ነው።

መልስ 24። እዚህ ጋ ወሬው ሰማይ ወጣ። ኤስአር 71 የሚባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ጥቁር የተቀባው ሙቀት በጨረር እንዲለቅ ነው፣ ታዲያ ለአውሮፕላን የሰራ ለኢንተርኩለር እንዴት አይሰራም የሚል ነው።

መልስ 25። መረጃው ልክ ነው፣ ንጽጽሩ ነው ልክ ያልሆነው ተባለ። ያ አውሮፕላን ከድምጽ ፍጥነት ከ3 እጥፍ በላይ ሲበር ቆዳው ብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል፣ የሚሞቀውም ራሱ በሚያልፍበት አየር ነው፣ ስለዚ አየሩ ሊያቀዘቅዘው አይችልም፣ የቀረው መውጫ ጨረር ነው። ጨረር ደሞ በፍጹም ሙቀት (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ጀምሮ በሚቆጠረው) አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው፣ 300 ዲግሪ ላይ ያለ ጥቁር ገጽ ከአንድ ካሬ ሜትር 6 ኪሎዋት ገደማ ይለቃል፣ 60 ዲግሪ ላይ ያለው ግን 700 ዋትም አይደርስ፣ እሱም አካባቢው መልሶ የሚሰጠውን ሳንቀንስ ነው። ኢንተርኩለርህ 300 ዲግሪ ከደረሰ ቀለም አያሳስብህ ብሎ ጨረሰ። ትንሽ ሹል ናት፣ ግን ሳቅኩ።

መልስ 26። ስለማቀዝቀዝ ካወራን ውሀ መርጨት አለ እኮ አለ ሌላው። ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስቲአይም ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንም ከፋብሪካ የኢንተርኩለር ውሀ መርጫ ይዘው የመጡ ሞዴሎች ነበሯቸው፣ አንድ ግራም ውሀ ሲተን 2.26 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ቀለም በመቶ ዓመት የማያደርገውን ውሀ በሴኮንድ ያደርገዋል።

መልስ 27። ለዚህ የተሰጠው መልስ ደሞ ወደ ርዕሳችን መለሰን። ጥቁር የተቀባ ኢንተርኩለር ላይ ተራ ውሀ ከተረጨ ማዕድኑ ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ ራቁት አልሙኒየም ላይ ያን ያህል አይታይም፣ ጥቁሩ ላይ ግን ከሩቅ ይጣራል። የሚረጭ ሰው የተጣራ ውሀ ይጠቀም። ጥሩ ነጥብ ነው፣ እኔ የማልረጭ ብሆንም።

መልስ 28። ለምን ትደብቀዋለህ? ይሄ ሰው ከልቡ አዝኗል። ትልቅ ኢንተርኩለር ገዝቶ ጥቁር መቀባት ምን ይባላል፣ እኔ እንደውም በስቴንስል ነጭ ጽሁፍ ጽፌበታለሁ አለ። ፎቶውንም ለጠፈው። ጽሁፉ ትንሽ ጠሟል፣ ማንም አልነገረውም።

መልስ 29። ሰው እንዳያየው የሚፈልግበት ምክንያት የተለያየ ነው አለች አንዷ፣ አንዱ እቃው እንዳይሰረቅበት፣ አንዱ መንገድ ላይ በየመብራቱ የሚገፋፋው እንዳይበዛ፣ አንዱ ዝም ብሎ ያልተነካ መኪና መልክ ስለሚወድ። የኔ ሦስተኛው ነው፣ ትንሽም ሁለተኛው።

መልስ 30። አጭርና መራራ። ቀለሙ ምንም አያደርግልህም፣ ብሎው ኦፍ ቫልቭህ (ትርፍ የቱርቦ ግፊት የሚለቀው) የጋዙን ፔዳል በለቀቅክ ቁጥር ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል። እውነቱን ነው። አየሩን ወደ ውጪ ሳይሆን መልሶ ወደ ቱርቦው መግቢያ የሚያስገባ አይነት ቢገጠም ድምጹ በጣም ይቀንሳል፣ እሱን ለብቻው አይበታለሁ።

መልስ 31። ሳይቀባ ከፊቱ ጥቁር መረብ ማድረግ አይበቃም ወይ? ቀለም የለ፣ ማውረድ የለ።

መልስ 32። ቁጥር 31ን እያረመ ሳያስበው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመውን ነገር የጻፈ ሰው። መረብ፣ በተለይ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ፣ ከስስ ቀለም የበለጠ አየር ይቀንሳል አለ። ከዛ ደሞ ሁላችሁም ቀለም ቀለም ትላላችሁ፣ ማንኛችሁ ናችሁ በኢንተርኩለሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት የዘጋችሁት ብሎ ጠየቀ። አየር ሰነፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ባለ ኮር ውስጥ ከመግባት በጎን ባለው ክፍት ቦታ ማምለጥ ይቀለዋል። ከባምፐሩ ቀዳዳ እስከ ኮሩ ጠርዝ ድረስ በፕላስቲክ ገበታና በፎም ዘግቶ የገባው አየር ሁሉ በኮሩ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ቀለም ወሰደ የምትሉትን አንድ በመቶ ብዙ ጊዜ አጥፎ ይመልሳል። ከርዕስ የወጣ ነው ያሉት ነበሩ፣ ለኔ ግን ከርዕሱ የበለጠ ነው። ፎሙን ደሞ ጥቁር ካደረጉት የኢንተርኩለሩ ዳርም አብሮ ይደበቃል።

መልስ 33። ቁጥር 2 ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ቁጥር 7ን እየጠቀሰ ይሄው ያልኩት አለ። ቁጥር 7 ያወራው ስለተደፈነ ፊን እንጂ ስለ ቀለም መከላከያነት እንዳልሆነ ሦስት ሰው ነገረው። አልሰማም።

መልስ 34። የኔ ነው። ውሳኔዬን ጻፍኩ፦ ፊቱንና ታንኮቹን ብቻ፣ ማት ጥቁር፣ በጋሼ አሰራር፣ ኮሩ ላይ ያለ ፕራይመር፣ ጀርባው እንዳለ፣ ዙሪያውን በፎም ዘግቼ። አንጸባራቂ ጥቁርን የተውኩት በሌሊት የሌላ መኪና መብራት ሲመታው መልሶ ስለሚያበራ ነው፣ ማቱ ይውጠዋል። የሞተር ቀለም የሚባለው ለከፍተኛ ሙቀት የተሰራው አያስፈልግም ወይ ብሎ በግል የጠየቀኝ ነበር፣ አንዳንዱ የዛ አይነት ቀለም በደንብ እንዲጠነክር በሙቀት መጋገር ይፈልጋል፣ ኢንተርኩለር ደሞ ያን ያህል አይሞቅም፣ በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። የውጪውን አየርና ጠጠር የሚችል ተራ የመኪና ቀለም በቂ ነው።

መልስ 35። ቁጥር 12 የነበረው ልጅ ተመልሶ መጣ፣ አሁን እሱ ነው የሚያስረዳው፣ አንድ አዲስ ሰው ውሀው የት ነው ብሎ ሲጠይቅ ቀድሞ መለሰለት። ትክክል ነበር፣ አንድም ቃል ማረም አላስፈለገም።

መልስ 36። ቁጥር 29 ደሞ ያው ስፕሬይ ለብሬክ ካሊፐር (የፍሬኑን ዲስክ ለሚጨብጠው) ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀች፣ ቀለሙ ደማቅ ቀይ እንዲሆን ትፈልጋለች። ያልተነካ መስሎ ስለመቅረት ያስተማረችን እሷ ናት እንግዲህ። ካሊፐር ከኢንተርኩለር በጣም ይሞቃል፣ የፍሬን ዘይትም ተራ ቀለምን ይልጠዋል፣ ለሱ የተሰራ ቀለም ያስፈልጋል ብዬ መለስኩላት፣ አወያዩም ለካሊፐር ሌላ ክር ይከፈት ብሎ ይሄኛውን ቆለፈው።